በፎቶው ግርጌ የማን ስም ተጽፏል?

በክሮኤሺያዋ የወደብ ከተማ በዱብሮቭኒክ ጦርነትን በፎቶ የሚያሳዩ ሁለት ቦታዎች አሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። አንደኛው «ዋር ፎቶ ሊሚትድ» የተባለው ጋለሪ ሲሆን ከዋናው መንገድ ከስትራዱን ወጣ ብሎ በጠባቧ የአንቱኒንስካ ጎዳና ላይ ይገኛል። ሁለተኛው በስፖንዛ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የከተማዋ ተከላካዮች መታሰቢያ ክፍል ነው። ጋለሪው ውስጥ የፎቶ አንሺው ስም ጎልቶ ይነበባል፤ ፎቶው ላይ የወደቀው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም። መታሰቢያ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ የሟቹ ስም፣ የተወለደበትና የሞተበት ጊዜ ተጽፏል፤ ፎቶውን ማን አነሳው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ስለ ጦርነት ፎቶ ሲነሳ ክርክሩ ሁልጊዜ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ሬሳ ማሳየት ተገቢ ነው ወይስ ነውር? አንዱ «ካላየን አናምንም» ይላል፣ ሌላው «የሰው ክብር የት ሄደ?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ክርክሩ ግን የትም አያደርስም። እኔ እንደማየው አንድ ፎቶ ምስክር መሆኑ ወይም ግድግዳ ማድመቂያ ሆኖ መቅረቱ የሚወሰነው በአሰቃቂነቱ አይደለም። የሚወስነው ከሥሩ የተጻፈው ነው። ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው? ማን አደረገው? ይህን ጥያቄ ለማየት ደግሞ ከዱብሮቭኒክ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። (የአውሮፓውን ታሪክ በራሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው እጽፋለሁ።) ክሮኤሺያ በ1991 ከዩጎዝላቪያ መገንጠሏን ካወጀች በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን የዩጎዝላቪያ ሕዝባዊ ጦር ከሞንቴኔግሮ ተጠባባቂዎች ጋር ሆኖ ዱብሮቭኒክን ማጥቃት ጀመረ። ከተማዋ በየብስም በባሕርም ተከበበች፤ ውሃና መብራት ተቋረጠ። አሮጌዋ ከተማ ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ስለነበረች «ይህቺንማ አይነኳትም» ያለ ብዙ ሰው ነበር። ዲሴምበር 6 ቀን 1991 ከሁሉ የከፋው ድብደባ ወረደባት። በጦርነቱ ወቅት በአሮጌዋ ከተማ ካሉት 824 ሕንፃዎች 563ቱ፣ ማለትም ከሦስት ሁለት እጅ በላይ የሚሆኑት ተመትተዋል። ዘጠኙ ሙሉ በሙሉ ተቃጥለዋል። የዩጎዝላቪያን የጦር ወንጀል ለማየት በሔግ የተቋቋመው ችሎት አድሚራል ሚዮድራግ ዮኪችን በ7 ዓመት፣ ጄኔራል ፓቭሌ ስትሩጋርን በመጀመሪያ በ8፣ በይግባኝ ደግሞ በ7 ዓመት ከመንፈቅ እስራት ቀጥቷል። ከተፈረደባቸው ወንጀሎች አንዱ ቅርስ ማውደም ነበር።

ዛሬ ወደ አሮጌዋ ከተማ የሚገባ ሰው በሩ አካባቢ አንድ ካርታ ተለጥፎ ያገኛል። ካርታው የትኛው ጣሪያ በቀጥታ እንደተመታ፣ የትኛው ቤት እንደተቃጠለ፣ የትኛው የመንገድ ንጣፍ እንደተቦረቦረ በምልክት ለይቶ ያሳያል። ወደ ግንቡ የወጣ ሰው ደግሞ ካርታውን በዓይኑ ያረጋግጣል፤ አሮጌው የጣሪያ ሸክላ ወይቦ፣ አዲሱ ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል፤ አብዛኛው አዲስ ነው። ለድንጋይና ለሸክላ የተደረገው ምዝገባ ያስቀናል። የትኛው ቤት፣ በምን፣ ምን ያህል እንደተጎዳ ይታወቃል። ሰውን በዚህ ጥንቃቄ መመዝገብ ግን ቀላል ሥራ አይደለም፤ ፎቶ ግራፍ ደግሞ በራሱ አያደርገውም።

ወደ ጋለሪው እንግባ። ያቋቋመው ዌድ ጎዳርድ የተባለ የኒውዚላንድ ተወላጅ ነው። በ1992 ገና ወጣት ሳለ ጦርነቱን ሊያነሳ ወደ ባልካን መጥቶ እዚያው ቀረ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ጦርነትን ከሲኒማ ጀግንነት አላቆ በሲቪሉም በተዋጊውም ላይ የሚያደርሰውን ግፍ ማሳየት። ሁለት ፎቅ አለው። የዩጎዝላቪያን መፍረስ የሚያሳየው ክፍል ቋሚ ነው፤ የቀረው ቦታ ከሌሎች አገሮች ጦርነቶች ለሚመጡ ተለዋዋጭ ኤግዚቢሽኖች የተተወ ነው። አንድ ወገንን ብቻ ተጎጂ አድርጎ አያቀርብም፤ ይህ በባልካን ምድር ቀላል ድፍረት አይደለም።

ተመልካቹ ማን ነው? ይህን ሳይጠይቁ ስለ ጋለሪ ማውራት አይቻልም። ዱብሮቭኒክ በቱሪስት የተጨናነቀች ከተማ ናት፤ ማዘጋጃ ቤቱ ከ2019 ጀምሮ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦችና ከ4 ሺህ በላይ የመርከብ ተጓዦች እንዳይገቡ እስከመገደብ ደርሷል። የአሮጌዋ ከተማ ነዋሪ ግን ከጦርነቱ ወዲህ እጅጉን ተመናምኗል፤ ቤቱ ለእንግዳ ማከራያ ሆኗል። ስለዚህ ፎቶዎቹ ፊት የሚቆመው ሰው ከሰዓት በኋላ መርከቡ የሚነሳበት፣ ከጋለሪው ወጥቶ አይስክሬም የሚገዛ መንገደኛ ነው። ይህን ስል ልነቅፈው አይደለም። ቢጄሊና የት እንደሆነች የማያውቅ፣ የሚያውቅበትም ምክንያት የሌለው ሰው ነው። ለእሱ ከፎቶው ሥር ያሉት ሁለት መስመሮች ጠቅላላ ታሪኩ ናቸው።

ቢጄሊናን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። ስለ ዩጎዝላቪያ ጦርነት በሚዘጋጅ ኤግዚቢሽን ሁሉ ስሙ የማይቀረው አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሮን ሃቪቭ በ1992 የፀደይ መግቢያ፣ የቦስኒያ ጦርነት በይፋ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በዚያች ሰሜን ምሥራቅ ቦስኒያ ባለች ከተማ ነበር። አብሮ የገባው «አርካን» በሚል ስም ከሚታወቀው ከዜልኮ ራዥናቶቪች ሚሊሻ ጋር ነው። በአንደኛው ፎቶ ላይ ሦስት ሲቪሎች በእግረኛ መንገድ ላይ ወድቀዋል፤ ሁለቱ ሴቶች፣ አንዱ ወንድ። ሦስት ታጣቂዎች ይታያሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ወጣቱ፣ የፀሐይ መነጽሩን ጭንቅላቱ ላይ ሰክቷል፤ በግራ እጁ ጣቶች መካከል ሲጋራ አለ፤ ቀኝ እግሩን የወደቀችዋን ሴት ሊረግጥ ወደ ኋላ ስቧል። ሌሎቹ ሁለቱ ወደ እሱ አይመለከቱም፤ ሥራ ላይ ናቸው።

ይህን ፎቶ ልዩ የሚያደርገው ደሙ አይደለም፤ ደሙ ብዙም አይታይም። ሲጋራው ነው። ሰውየው አልተናደደም፣ አልፈራም፣ አልቸኮለም። አንድ ታሪክ ጸሐፊ በመቶ ገጽ ሊያስረዳው የሚሞክረውን፣ ግድያው በግርግር መሃል የተፈጠረ አደጋ ሳይሆን በእርጋታ የሚሠራ ሥራ እንደነበር፣ አንዲት ቅጽበት ይዛዋለች። ፎቶው በወቅቱ በዓለም ጋዜጦችና መጽሔቶች ወጣ። ሃቪቭ ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው ዓለም ይህን አይቶ ጦርነቱን ያስቆማል የሚል ተስፋ ነበረው። አላስቆመም። ጦርነቱ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ቆየ። በኋላ ግን ፎቶው በሔግ ችሎት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። አርካን በ1997 ቢከሰስም ፍርድ ፊት ሳይቆም በጃንዋሪ 2000 ቤልግሬድ ውስጥ ተገደለ።

አንድ ፎቶ ሁለት ዓይነት ሕይወት እንደሚኖረው የገባኝ በዚህ ታሪክ ነው። ጋለሪ ውስጥ የሮን ሃቪቭ ሥራ ነው፤ ስለ ድፍረቱ፣ ፊልሙን እንዴት ደብቆ እንዳወጣ ይወራል፤ ሊወራም ይገባል። ችሎት ፊት ግን የሃቪቭ ሥራ አይደለም፤ ስለ እነዚያ ሦስት ሰዎች የቀረበ ማስረጃ ነው። ዳኛ የሚፈልገው ቦታውን፣ ቀኑን፣ የዩኒፎርሙን ምልክትና የሟቾቹን ማንነት ነው፤ የምስሉ አቀማመጥ ውበት አያገባውም። ጋለሪ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ውበት ይጎትታል። ፎቶው በትልቁ ታትሞ፣ ለስላሳ መብራት ወርዶበት፣ በነጭ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ አዕምሮ ሳይፈልግ «እንዴት ግሩም ነው!» ይላል። በጥቁርና ነጭ ከሆነማ ባሰ። ጋለሪዎች ይህን ያውቁታል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ረዘም ያለ መግለጫ ነው። ዳሩ ግን ረጅም መግለጫ ግድግዳ ያበላሻል ተብሎ ይፈራል፣ ያጥራል።

ወደ ስፖንዛ የገባ ሰው የሚያገኘው የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ከ1991 እስከ 1995 የሞቱ፣ አብዛኞቹ ወጣት የሆኑ ወንዶች ጥቁርና ነጭ ምስሎች ናቸው። በአንድም ፎቶ ላይ ጦርነት አይታይም። ፊት፣ ስም፣ ዓመት። በአንድ ክፍል ውስጥ ከስርዥ ተራራ ምሽግ የወረደ፣ የተቀዳደደ የክሮኤሺያ ባንዲራ ቅሪት አለ። ለእኛ አገር ሰው ስሜቱ ቶሎ ይገባዋል፤ ለቅሶ ቤት ፍሬም ውስጥ የሚቀመጠውን ፎቶ ነው የሚመስለው። ባለ መርከቡ ጎብኚ ግን የማንን ቤተሰብ እንደሚያጽናና አያውቅም፣ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይወጣል።

ይህም ክፍል የራሱ ጉድለት አለው። የሚያስታውሰው የራሱን ልጆች ብቻ ነው። በዚያው ጦርነት ሌላ ቦታ ስለሞቱ ሰርቦች፣ ወይም በቦስኒያዋ ከተማ በሞስታር ላይ የክሮኣት ኃይሎች ስላደረሱት ጥፋት እዚህ የተጻፈ ነገር የለም፤ መታሰቢያ ክፍል ስለሆነ አይጠበቅበትም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ስም የሚጠራ ቦታ ሁሉ የማንን ስም እንደማይጠራ መጠየቅ ጉዳት የለውም። ጋለሪው ሁሉንም ወገን ያሳያል፣ ስም አይጠራም፤ መታሰቢያው ስም ይጠራል፣ አንድ ወገን ብቻ ያሳያል። ከተማዋ ሁለቱንም ይዛ መኖሯ ዕድለኛ ያደርጋታል።

በሁለቱ መካከል ያለውን ግንብ የሚያፈርስ አንድ ሰው አለ፤ ፓቮ ኡርባን። የዱብሮቭኒክ ልጅ ነው፣ ፎቶ አንሺ ነው፣ ሟችም ነው። ከበባው ሲጀመር ከተማውን የሚከላከለው ጦር ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ካሜራውን ይዞ የከተማውን መደብደብ መመዝገብ ጀመረ። ዲሴምበር 6 ጠዋት ዛጎል ሲዘንብ ስትራዱን ላይ ሲያነሳ በፍንጣሪ ተመቶ ሞተ። 23 ዓመቱ ነበር። ካሜራው ውስጥ የቀሩት የመጨረሻ ፎቶዎች ታጥበው ወጡ፤ ከተማዋ የምትታወቅበት መንገድ በጭስና በአቧራ ተሸፍኖ፣ አንዱ ፎቶ ከሌላው በጥቂት ቅጽበት ብቻ እየተለየ ይከታተላል። በጦርነት ፎቶ ሚዛን አስደናቂ አይደሉም፤ ድንጋይና ጭስ ናቸው። ግን ማን እንዳነሳቸው፣ የት ቆሞ እንዳነሳቸው፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከፊታቸው ቶሎ አይሄድም። ዓለም አቀፍ ሽልማት ካገኙ ብዙ ፎቶዎች እነዚህን አስበልጣለሁ።

በኡርባን ጊዜ እንደ ልዩ አጋጣሚ ይታይ የነበረው ነገር፣ የከተማው ልጅ የራሱን ከተማ ጦርነት በፎቶ መመዝገቡ፣ ዛሬ የተለመደ ሆኗል። በ1990ዎቹ የባልካን ጦርነት ለዓለም የደረሰው ባብዛኛው ከውጭ መጥተው፣ ሥራቸውን ሠርተው በሚመለሱ ሰዎች ካሜራ ነበር። ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ጋዛ ግን ለውጭ ጋዜጠኞች በነፃነት መግባት ተዘጋ፤ ምስሉን ያወጡት እዚያው ተወልደው ያደጉ፣ ራሳቸውም የሚፈናቀሉ ፍልስጥኤማውያን ናቸው። የዓለም የፕሬስ ፎቶ ድርጅት የ2024 የዓመቱን ፎቶ ሽልማት ለሮይተርሱ መሐመድ ሳሌም ሰጠ፤ የ2025ን ደግሞ ለጋዛዋ ሳማር አቡ ኤሉፍ፣ ሁለት እጆቹን ላጣ የ9 ዓመት ልጅ ፎቶ። ልጁ በመግለጫው ላይ ስምና ዕድሜ አለው፤ ፎቶው የተነሳው ለሕክምና በሄደበት በዶሃ ነው። ከመስኮት የሚገባ ብርሃን ፊቱ ላይ አርፏል። ፍንዳታ የለም፣ ፍርስራሽ የለም። ጋዜጠኞችን የሚከላከለው ሲፒጄ በበኩሉ ይህ ጦርነት ከ1992 ጀምሮ መዝገብ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ለጋዜጠኞች ከሁሉ የከፋው ነው ብሏል።

የፎቶ አንሺ ስም ጉዳይ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ የ2025ን ሌላ ዜና ያስታውስ። በ1972 ቬትናም፣ ትራንግ ባንግ መንደር አጠገብ በናፓልም ተቃጥላ ራቁቷን የምትሮጠዋን ልጅ የማያውቅ የለም። ልጅቱ ኪም ፉክ አድጋ፣ በካናዳ ኖራ፣ ስለ ሰላም የምትናገር ሴት ሆናለች። ከአምሳ ዓመት በላይ «ያነሳው የዜና ወኪሉ የአሶሺዬትድ ፕሬስ ፎቶ አንሺ ኒክ ኡት ነው» ሲባል ኖሮ፣ አንድ ዘጋቢ ፊልም «አይደለም፣ ሌላ ቬትናማዊ ነው ያነሳው» የሚል ክርክር አመጣ። የዓለም የፕሬስ ፎቶ ድርጅት በሜይ 2025 ስሙን ከፎቶው ላይ ለጊዜው አነሳ፤ አሶሺዬትድ ፕሬስ ደግሞ መርምሬ ለመቀየር የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ በነበረበት ጸና። ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አልደፍርም። የሚደንቀኝ ግን የክርክሩ ቅጥ ነው፤ ዓለም ለአንድ ፎቶ አንሺ ስም ይህን ያህል ምርመራ ሲያደርግ፣ ፎቶ ተነስተው ያለ ስም የቀሩ ሺዎች ግን የማንም ምርመራ አልደረሳቸውም።

አሁን ደግሞ ጭራሽ ሰው ያላነሳው ምስል መጥቷል። በ2023 መጨረሻ አዶቤ ስቶክ በተባለው የፎቶ መሸጫ ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ «የጋዛ ጦርነት» ምስሎች ሲሸጡ ተገኝተዋል። ከእውነተኛው ለመለየት ዓይን አይበቃም። የሚለየው መግለጫው ነው፤ ከሥሩ ቦታ፣ ቀን፣ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው አለው ወይስ የለውም?

የዱብሮቭኒክ ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የሠሩት ሁለቱም ክሮኣቶች ናቸው፤ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች። ክርሺኒች የተወለደው ዛሬ በዱብሮቭኒክ አውራጃ ሥር ባለችው በኮርቹላ ደሴት ነው። ነሐሱ ላይ የተቀረጸው ግፍ ደግሞ በፎቶም አለ። በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ጭፍጨፋም ሆነ በወረራው ዘመን በአጠቃላይ፣ ብዙውን ፎቶ ያነሱት ራሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው፤ ለማስታወሻ፣ አንዳንዴም ከተቆረጠ ጭንቅላት ጋር ቆመው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከነፃነት በኋላ እነዚህን ፎቶዎች ሰብስቦ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ባቀረበው ማስረጃ ውስጥ አካተታቸው። ግራዚያኒ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ለሠራው አልተዳኘም፤ አገሩ የፈረደበት ከናዚ ጋር በመተባበሩ ነው፣ እሱንም ከተፈረደበት በኋላ ጥቂት ወራት ብቻ ታስሮ ወጣ። ገዳዩ የራሱን ፊት ጨምሮ ያስቀመጠው ማስረጃ እንኳ ፈቃድ ከሌለ ሰሚ አያገኝም ማለት ነው።

መስቀል አደባባይ ያለው፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የስፖንዛው ዘመድ ነው። እዚያም ግድግዳውን የሞሉት ፊቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ለመታወቂያ የሚሆኑ ዓይነት ጉርድ ፎቶዎች፣ የአፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ የሸሚዝ ኮሌታ። ለኤግዚቢሽን ብሎ ያነሳቸው የለም። ከእነሱ አልፎ አጽምና ልብስ ያለበት ክፍል ሲገባ፣ ያ አጽም ጉርድ ፎቶው ላይ ካሉት የአንዱ ሊሆን እንደሚችል ሰው ያስባል። ጎብኚዎችን ሲያስረዱ ከነበሩት መካከል ራሳቸው ታስረው የተረፉ ሰዎች ነበሩበት፤ ከግድግዳ መግለጫ ይልቅ የእነሱ አንደበት ይበልጥ ነበር። እነሱ ሲያልፉ የሚተካው ጽሑፍ መዘጋጀት ያለበት አሁን ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ባየናቸው ጦርነቶች የተነሳው ምስል ግን ከዚያ ዘመን ጋር አይነጻጸርም። በዚህም በዚያም ወገን ስልክ ያልያዘ ወታደር አልነበረም፤ ገዳዮች ራሳቸው የቀረጹት ቪዲዮ ሳይቀር በቴሌግራምና በፌስቡክ ተበትኗል። ችግሩ አንዱ ቪዲዮ ሃያ ቦታ በሃያ መግለጫ መገኘቱ ነው፤ ዛሬ «የእኛ ሟች» የተባለው ነገ በሌላው ገጽ «የእነሱ ሟች» ይሆናል። አንድ ቀን አዲስ አበባ፣ መቀሌ ወይም ባሕር ዳር ላይ ጋለሪ ቢከፈት፣ ከነዚህ ምስሎች ስንቱ ሥር ነው እርግጠኛ መስመር መጻፍ የሚቻለው?

ለዚህ ዓይነት ሥራ መመሪያ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤትና የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት የበርክሌይ ፕሮቶኮል ከኢንተርኔት የተገኘ ምስል ለችሎት እንዲበቃ እንዴት ተሰብስቦ እንደሚቀመጥ ይዘረዝራል። ለተራው ሰው ደግሞ ነገሩ ከዚያ ይቀላል። ፎቶ በተለመደው መንገድ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ሲላክ ይጨመቃል፤ መቼና የት እንደተነሳ የሚናገረው የተደበቀ መረጃም ይጠፋል። እንደ ፋይል ወይም እንደ ዶክመንት ሲላክ ግን በአብዛኛው እንዳለ ይቆያል። ዋናው ቅጂ ባነሳው ስልክ ላይ ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ ቦታው፣ ቀኑና የሚታዩት ሰዎች ማንነት ደግሞ ትዝታ ሳይደበዝዝ ለብቻው መጻፍ አለበት። ፎቶው የሚያጋልጠው በሕይወት ያለ ሰው ካለ ግን አለመለጠፍ ይቀድማል፤ ማስቀመጥና ማሰራጨት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በፍተሻ ኬላ ላይ ስልኩን ያስረከበ፣ ወይም ፈርቶ ሁሉንም የደመሰሰ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ ከእሱ ዘንድ የቀረው ቃሉ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ቁጭ ብሎ የሚጽፍለት ይፈልጋል።